የመዝገብ ቤቷ መንገደኛ

የእትዬ ዘነበችን መርዶ የሰማሁት ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ነው። ከገበያው ወደ ቢሮ እየወጣሁ ሳለ ሾፌሩ በመስታወቱ እያየኝ፣ «የእናንተ መሥሪያ ቤት ሴትዮ አረፉ አይደል፣ እኚያ ኮንጎ የሄዱት» አለኝ። ዝናቡ ሸራውን እየደበደበው ስለነበር አስደገምኩት። ያን ጊዜ መጀመሪያ በልቤ ያለፈውን ነገር ብደብቀው ይሻለኝ ነበር። ግን ይህን የምጽፈው ልዋሽበት አይደለምና ልናገረው፤ «ይኸው ደግሞ አንድ እኔ ያላየሁት አገር ቀድመውኝ ሄዱ» ነበር ያልኩት።

ሐዘኑ ቆይቶ መጣ። ቅናቱ ግን አሥራ አንድ ዓመት አብሮኝ የኖረ ስለሆነ መንገድ መጠየቅ አላስፈለገውም።

መስፍን እባላለሁ። ያደግሁት ዋጫ ነው። ቦንጋ ካሉት መሥሪያ ቤቶች በአንዱ፣ ስሙን ባልጠራው ይሻላል፣ የቱሪዝም ባለሙያ ነኝ። ሥራዬ ሰው ወደ እኛ ጫካ እንዲመጣ ብሮሸር መጻፍ ነው። «ያልተነካ»፣ «ድንቅ»፣ «መጥተው ይጎብኙ» የሚሉትን ቃላት በካፋ ምድር የእኔን ያህል የጻፈ ሰው ያለ አይመስለኝም። ከጠረጴዛዬ በላይ ትልቅ የአፍሪካ ካርታ ሰቅያለሁ። ፓስፖርትም አለኝ። ውስጡ ያለው የአንድ ጉዞ ማህተም ነው፤ ናይሮቢ ለአራት ቀን ወርክሾፕ ሄጄ ከሆቴሉ ግቢ ሳልወጣ የተመለስኩበት። ያኔ አንገቴ ላይ ያንጠለጠሉልኝን ባጅ እስከ ዛሬ መሳቢያዬ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ።

እትዬ ዘነበች ደግሞ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበሩ። ከኮሪደሩ መጨረሻ ባለችው ጨለም ያለች ክፍል ገቢና ወጪ ደብዳቤ ሲመዘግቡ ሠላሳ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ነበር የቀራቸው። አጠር፣ ሞላ ያሉ፣ ሲራመዱ ቀኝ ትከሻቸው ትንሽ ዘንበል የሚል ሴት ነበሩ። ዓመቱን ሙሉ ከዚያች ክፍል ብዙም አይወጡም። የዓመት ፈቃዳቸው ሲደርስ ግን አንዲት የሸራ ቦርሳ አንግተው፣ በትንሽ ጀሪካን የጫካ ማር ይዘው፣ ብቻቸውን ይጠፋሉ። ባል አላገቡም፤ ልጅም አልወለዱም። ቢታ ገነት አካባቢ ካለው ከአባታቸው የቀፎ ጫካ በየዓመቱ ማር ይደርሳቸዋል፤ እሱን ሸጠው ነው የሚጓዙት። የሚሄዱት ታዲያ ዱባይ አይደለም። ሰው ስሙን ሲሰማ የሚያማትብበት አገር ነው።

መጀመሪያ ደቡብ ሱዳን ሄዱ ሲባል ቢሮው ሁሉ ጉድ አለ። የሒሳብ ሠራተኛዋ አንድ ነገር ቢሆኑ ሬሳቸውን ማን ያመጣል ብላ ከልቧ ተጨነቀች። እኔን ያስጨነቀኝ ሌላ ነበር፤ ደህና ከተመለሱስ? ተመለሱ። ፊታቸው ጠቁሮ፣ ጀሪካኑ ባዶ ሆኖ፣ ሰኞ ጠዋት በሰዓታቸው ገብተው የተከማቸውን ደብዳቤ መመዝገብ ጀመሩ።

ሻይ ክበብ ውስጥ ከበን አገሩ እንዴት ነው አልናቸው። እትዬ ዘነበች ስለ አገር ሲጠየቁ ስለ አገር አይመልሱም ነበር። ትንሽ አሰቡና ኛሉዋክ የምትባል ሴት እንዳለች ነገሩን። ዓሣ ታደርቃለች። ባሏ ጠፍቶባት በየቀኑ ወንዙ ዳር ወጥታ ማዶ ማዶ ታያለች። እሳቸውም ዘጠኝ ቀን አብረዋት አዩ። አንዱ ባልደረባችን ጦርነቱስ ብሎ ጠየቀ።

«ጦርነቱም አለ፣ ገበያውም አለ» አሉ። «ለእናንተ የሚነገራችሁ አንዱ ብቻ ነው።»

በቃ፣ ይኸው ነው። ፎቶ የላቸው፣ የመንገዱን ርቀት አያውቁ። የተሻገሩትን ወንዝ ስም እንኳን የነገርኳቸው እኔ ነኝ፣ ከካርታዬ ላይ አይቼ። «እንደዚያ ነው ለካ የምትባለው» ብለው አመሰገኑኝ። ስሙን የማውቀው እኔ ነኝ፤ እግራቸውን የነከሩበት እሳቸው ናቸው። ያን ዕለት ሻዬን ሳልጨርስ ነው የተነሣሁት።

አማርኛቸው የካፊኖኖ፣ የካፋ ቋንቋችን፣ ቃና የተጫነው ነበር፤ አንዳንዴ ወንዱን ሴት፣ ሴቷን ወንድ ያደርጉታል። ዓረብኛውንም ስዋሂሊውንም ከየገበያው የለቃቀሙት ነው። በሄዱበት ሁሉ ግን ይግባባሉ። እኔ እንግሊዝኛ አስተካክዬ እናገራለሁ፤ የማናግረው ሰው አጥቼ እንጂ።

አንድ ቀን ዝናብ ይዞን በረንዳው ላይ ቆመን ሳለ፣ ብቻዎን ሆነው በየኬላው እንዴት ነው የሚያልፉት ብዬ ጠየቅኳቸው። ነገሩ ከአባታቸው ጫካ የመጣ ነው። በእኛ አገር ሰው ቀፎውን የሚሰቅልበት የራሱ የጫካ ድርሻ አለው፤ ኮቦ ይባላል። አጥር የለውም፤ ወሰኑ ዛፍና ጅረት ነው። እንደ እሳቸው አባት ሥርዓት ከሆነ፣ በሌላ ሰው ኮቦ ማለፍ የፈለገ ሰው ዘው ብሎ አይገባም። ጠርዙ ላይ ቆሞ አንድ ጊዜ ይጣራል። ከዚያ ይቀመጣል። ባለቤቱ ሰምቶ እስኪመልስ ይጠብቃል እንጂ ደግሞ አይጣራም፤ ደግሞ መጣራት መጨቅጨቅ ነው። እትዬ ዘነበች በየድንበሩ የሚያደርጉት ይህንኑ ነበር። ሰላምታ ይሰጣሉ፣ ፓስፖርታቸውን ያሳያሉ፣ ከዚያ ከጀሪካናቸው አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ ይላሉ። አይለምኑም፣ አይቆጡም። ግማሽ ቀንም ቢሆን ይቀመጣሉ።

«ሰው የተቀመጠ እንግዳ እያየ ብዙ አይችልም» አሉኝ። «አንዱ ይነሣና ምን ሆነሽ ነው ይላል። ያኔ ገባሁ ማለት ነው።»

ይህን ለባለቤቴ ሳወራላት ሳቀችና፣ «አንተ ግማሽ ሰዓት መቀመጥ የምትችል ይመስልሃል?» አለችኝ። እንደ ቀልድ ነው የተናገረችው። እኔ ግን ሳምንት ሙሉ አኮረፍኳት፤ ለምን እንዳኮረፍኩ እንኳን አልገባትም።

ሐርጌሳ ሄደው መጡ። ሐርጌሳ እንዴት ናት ስንላቸው፣ ፋጡማ የምትባል የሻይ ነጋዴ ልጇ ፈተና እንደወደቀባት ነገሩን። ከዚያ በኬንያና በኡጋንዳ ዞረው ኮንጎ ገቡ፤ ሦስት ሳምንት ጫካ ዳር ባለች መንደር ተቀመጡ። በተመለሱበት ዓመት አንድ ትምህርት ቤት ስለ ቱሪዝም ንግግር እንዲደረግለት ለመሥሪያ ቤታችን ጻፈ። ሥራው የእኔ ነበር። ርዕሰ መምህሩ ግን ከደብዳቤው ግርጌ በእስክሪብቶ፣ ከተቻለ ኮንጎ የሄዱት እናት አብረው ቢመጡ የሚል ጨመረበት። እትዬ ዘነበች ይህን ደብዳቤ ገቢ ሲያደርጉ አንብበውት ኖሮ፣ ይዘውልኝ ሲመጡ አፍረው ነበር። «አንተ ካልከኝ ነው የምሄደው» አሉኝ። ምን እላለሁ? ይምጡ አልኩ።

አርባ ደቂቃ ተናገርኩ። መሀል ላይ መብራት ሄዶ ስላይዱ ጠፋ፤ እኔ ግን በቃሌ ቀጠልኩ። ከኋላ ያሉት ተማሪዎች ጠረጴዛቸው ላይ ተኝተዋል። ከዚያ እትዬ ዘነበች እጃቸውን ሹራብ ኪሳቸው ውስጥ እንደከተቱ ተነሡ። እዚያ ጫካ ውስጥ ዝናቡ መጀመሪያ ይሰማል እንጂ አይነካም አሉ። እላይ ቅጠሉ ላይ ይዘንባል፤ አንተ ዘንድ የሚደርሰው የጫማህን ክር አስረህ ከጨረስክ በኋላ ነው። ሲያባራ ደግሞ ላንተ አያባራም፤ ጫካዋ ገና እያንጠባጠበች ነው።

«እኛም ጋ እንዲሁ ነው» አለ አንድ ተማሪ ከኋላ፣ ከእንቅልፉ ቀና ብሎ።

«ታዲያስ» አሉት። «አገርህ ነው ማለት ነው።»

ክፍሉ ነቃ። ይጠይቋቸው ጀመር፤ ምን ይበላሉ፣ ሰው ይገድላሉ ወይ፣ እባቡስ። እሳቸው ለሁሉም በሰው ስም ይመልሳሉ። ያሳደረቻቸውን የቤት ባለቤት ማማ ጆዜፊን ይሏታል፤ የማማ ጆዜፊን ወንድም ደግሞ ከዛፍ ላይ ማር ቆራጭ ነው። እኔ ግድግዳ ተደግፌ ስሰማ ቆየሁና አላስችል አለኝ። ኮንጎ እኮ ሁለት ናቸው እትዬ፣ የሄዱት የትኛው ነው፣ ቢያብራሩልን አልኩ። በሥነ ሥርዓት ነው የጠየቅኩት። ዘወር ብለው አዩኝ፤ ክፋት አልጠረጠሩም።

«ማማ ጆዜፊን ያለችበት ነው» አሉ። «ጉልበቷን ያማታል።»

ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። የሳቁት በእሳቸው አልነበረም። ከዚያ በኋላ አንድ ወር ያህል ገበያ ስወርድ ተማሪ በተማሪ እየተቀባበለ፣ ጋሼ፣ ማማ ጆዜፊን ጉልበቷ ተሻላት ወይ ይለኝ ነበር።

በዓመቱ እኔም ቆርጬ ተነሣሁ። ፈቃድ ወሰድኩ፤ ለቤትም ለቢሮም ብቻዬን ደቡብ ሱዳን ልሻገር ነው ብዬ አወራሁ። ከቦንጋ ሚዛን፣ ከሚዛን ጋምቤላ ደረስኩ። እዚያ አንድ ሆቴል ያዝኩና ሙቀቱን ለመልመድ በሚል ሁለት ቀን ኳስ ሳይ ዋልኩ። በሦስተኛው ቀን መናኸሪያ ሄጄ ወደ ድንበሩ የሚሄድ መኪና ጠየቅኩ። የመኪናው ረዳት ከላይ እስከ ታች አየኝና ማን ጋ ነው የምትሄደው አለኝ። ተራ ጥያቄ ነው፤ ዕቃ ማውረጃውን ለማወቅ ነው የጠየቀኝ። የማውቀው ከተማውን፣ ወንዙን፣ የሕዝቡን ብዛት ነው። ነገ እመለሳለሁ አልኩትና ወደ ሆቴሌ ተመለስኩ። ስድስት ቀን ጨምሬ ቴሌቪዥን አየሁ። ስመለስ ከጋምቤላ ገበያ ደረቅ ዓሣ ገዛሁ፣ ለማስረጃ።

ቢሮ ውስጥ ያወራሁት ወሬ ሁሉ የእትዬ ዘነበች ወሬ ነበር፤ ቦታውን ብቻ ቀያየርኩት። ሰዉ አፉን ከፍቶ ሰማኝ። እሳቸውም ከዳር ተቀምጠው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ስጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

«ማን ተቀበለህ?»

ብዙ ሰው አልኩ። ዓይናቸውን ከዓይኔ አላነሡም። አንድ ስም መፍጠር እንኳን አቃተኝ። ያኔ ጎንበስ ብለው ከጠረጴዛው ላይ ዓሣውን አነሡና ደህና ደርቋል ብለው ስለ ዓሣ አደራረቅ ወሬ ጀመሩ። ሰው ሁሉ ወደዚያ ዞረ። አዳኑኝ። ይህን ነገር ይቅር ልላቸው አልቻልኩም። ቢያጋልጡኝ ኖሮ ጠላቴ ይሆኑ ነበር፤ ቢያንስ እንደ ልቤ እጠላቸው ነበር። እሳቸው ግን ገመናዬን ሸፍነው ሻያቸውን ጠጡ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ፤ እስካሁን የዞርኩት እሱን ፈርቼ ነው።

ጡረታ ሊወጡ አንድ ዓመት ከምናምን ሲቀራቸው፣ የማማ ጆዜፊን ወንድም ጫካው ውስጥ የአራት ቀን መንገድ ገብቶ ማር የሚቆርጥበት ወቅት ስለሆነ ይምጡ ብሎ ላከባቸው። ወሬውን ሻይ ክበብ ውስጥ ሲነግሩን እንደዚያ ሆነው አይቻቸው አላውቅም። አባታቸው ከሞቱ ወዲህ ማር ቆራጭ ዛፍ ላይ ሲወጣ ቆመው አይተው አያውቁም፤ የራሳቸው ወንድምም እያረጁ ነው። የዚያን አገር ሰው አወጣጥ አይተው ከአባታቸው ጋር ሊያስተያዩት ነው። «ዘንድሮ እግሬ ይሄድልኛል» አሉ። «የከርሞውን አላውቅም።» ሁለት ዓመት ያልወሰዱት ፈቃድ ተጠራቅሞላቸው ነበር።

በዚያው ሰሞን ኃላፊያችን ለሥልጠና አዲስ አበባ ሄዱና ለአንድ ወር ውክልና ሰጡኝ። የፈቃዱ ማመልከቻ እኔ ጠረጴዛ ላይ መጣ። የሁለት ወር ፈቃድ በእጅ ጽሑፍ፣ በቆንጆ የመዝገብ ቤት ፊደል። እስከ ዛሬ የነበሩት ኃላፊዎች ሁሉ እየሳቁ ነበር የሚፈርሙላቸው፤ እብድ ናቸው ብለው ስለሚያስቡ የሚሄዱበት አገር አይታያቸውም። እኔ ግን ይታየኝ ነበር። ወረቀቱን ይዤ ቀና ስል መንገዱ ሁሉ ከፊቴ ካርታው ላይ አለ። ጫካው አረንጓዴ ሆኖ ተቀብቷል። እሳቸው በዚያ አረንጓዴ ውስጥ አራት ቀን ሲሄዱ እኔ እዚህ ስለ ፏፏቴያችን ብሮሸር ሳርም ታየኝ።

የመዝገብ ቤቱ ፋይሎች ወደ ኮምፒውተር በመገልበጥ ላይ ስለሚገኙና ሥራ ስለሚበደል ፈቃዱን በተጠየቀው ጊዜ መስጠት የማይቻል መሆኑን እናሳውቃለን ብዬ ጻፍኩ። ፈረምኩ፣ ቲተር አደረግኩ፣ ማህተም አስመታሁ። የተባለው ኮምፒውተር ዛሬም ካርቶኑ ውስጥ ነው። ደብዳቤ ሁሉ የሚወጣው በመዝገብ ቤት በኩል ስለሆነ የራሳቸውን ክልከላ ቁጥር ሰጥተው ወጪ ያደረጉት እሳቸው ራሳቸው ናቸው። ቀኑን ጻፉ፣ አንዱን ቅጂ ፋይል ውስጥ አያያዙ፣ አንዱን ለራሳቸው ወሰዱ። እንዲህ እንዳደረጉ ሰው ሲነግረኝ ምን እንደተሰማኝ ልናገር፤ ደስ አለኝ። ከጋምቤላ ከተመለስኩ ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ሰኞ በሻይ ሰዓት ከቢሮዬ በር ፊት ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ መጥተው ተቀመጡ። እጃቸው ጭናቸው ላይ ነው። ሊለምኑኝ፣ ሰው ፊት ሊያሳፍሩኝ ነው ብዬ ወዲያው ደመደምኩ። በዕቃ ግምጃ ቤቱ በኩል ባለችው በር ወጥቼ ሄድኩ። በሁለተኛውም ቀን እንዲሁ። በሦስተኛው ቀን ግምጃ ቤቱ ተቆልፎ ስለነበር በፊታቸው ማለፍ ግድ ሆነብኝ። ብድግ አሉ።

«መስፍን፣ አንድ ነገር ላናግርህ ነበር።»

«በጽሑፍ ያቅርቡ፣ እትዬ» አልኩ፤ እርምጃዬን አልገታሁም።

ፈገግ አሉ። «ይኼ በጽሑፍ አይሆንም» አሉና ተመልሰው ተቀመጡ።

ሐሙስ ተቀመጡ። ዓርብም ተቀመጡ። ከመስኮቱ መጋረጃ ጀርባ ሆኜ ትከሻቸውን አየው ነበር። ሰኞ ወንበሩ ባዶ ሆነ። ኃላፊው ሲመለሱ ይግባኝ ይላሉ ብዬ ስጠብቅ ምንም አላሉም። ደብዳቤ ሲያመጡልኝ እንደ ድሮው ሰላም ይሉኛል፣ ልጆቼን ይጠይቁኛል። እኔም ጡረታ ሲወጡ ጊዜ ሞልቷቸው ይሄዳሉ እያልኩ ራሴን አታለልኩ።

ጡረታቸው ሊደርስ ሁለት ወር ሲቀረው እግራቸው ማበጥ ጀመረ። ኩላሊት ነው ተባለ፤ ጅማ እየተመላለሱ ታከሙ። ሁለት ጊዜ ቤታቸው ሄጄ ጠይቄያቸዋለሁ። ሁለቱንም ጊዜ ሰው ሞልቶ ነበር። በሁለተኛው ሰዉ ሲወጣ ቆይ ቁጭ በል አሉኝ፤ እኔ ስብሰባ አለብኝ ብዬ ወጣሁ። ስብሰባ አልነበረብኝም።

ለቅሶው ላይ ሦስቱንም ቀን ተቀመጥኩ። ወንድማቸው ጋሽ አደሎ ከቢታ ገነት መጥተው ድንኳኑ መሀል ተቀምጠዋል፤ የእህታቸውን ስልክ በላስቲክ ጠቅልለው እንደያዙ። ስልኩ ይጮሃል። ከሐርጌሳ አንዲት ሴት፣ መርዶውን ከማን እንደሰማች እንጃ፣ ደውላ በሱማሊኛ አለቀሰች፤ የሚሰማት ሰው ድንኳኑ ውስጥ አልነበረም። ጋሽ አደሎ ስልኩን ጆሯቸው ላይ አድርገው እስክትጨርስ ድረስ ራሳቸውን እየነቀነቁ አዳመጧት። ከዚያ ከጁባ ተደወለ። እኔ ከጥግ ሆኜ በለቅሶአቸው ቀናሁባቸው። የእኔ ቀን ቢደርስ ከጎጀብ ወንዝ ወዲያ ማን ይደውላል ብዬ ሳስብ የምደውልለት እንኳን አጣሁ።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሌላ ስልክ መጣ። ጋሽ አደሎ ጥቂት ሰሙና እንግሊዝኛ መሰላቸው መሰለኝ፣ «አንተ የቢሮው ሰው፣ ይኼን ትችላለህ» ብለው ሰጡኝ። ደዋዩ የማማ ጆዜፊን ልጅ ነው። ኡጋንዳ የተማረ አስተማሪ ነኝ አለኝ። ከወር በላይ ስልካቸው ዝግ ሆኖብን ተጨንቀን ነበር አለ። የቢሮ ባልደረባቸው ነኝ አልኩና ማረፋቸውን ነገርኩት። ከዚያ ከስልኩ ሲርቅ፣ ሲናገር፣ አንዲት አሮጊት እሪ ስትል ሰማሁ።

ሲመለስ እናቴ ስለ ሁለተኛው ሰው ትጠይቃለች አለኝ። የትኛው ሁለተኛ ሰው አልኩ። ያን ጊዜ ለማሩ ሲጠበቁ ሁለት መኝታ ተዘጋጅቶ ነበር አለ። አጎቱ ዛፍ መውጫ ገመድ ሲገምድ ሁለት ነው የገመደው፤ አንዱ ረጅም ለሆነ ወንድ። ከቢሮዬ አንድ ሰው ይዤ እመጣለሁ ብለዋቸው ነበር።

ለቅሶ ቤት መሆኔን ረሳሁ። ማንን ነው? የቢሯችንን ሾፌር? እሱ ሁልጊዜ መናኸሪያ ያደርሳቸዋል። ወይስ ያን አዲስ የመጣውን የሕግ ባለሙያ፣ ካርታዬ ፊት ቆሞ ጥያቄ የሚያበዛውን? አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ብቻቸውን ሄደው በመጨረሻ የሚወስዱት ሰው ሲመርጡ ያ ሰው በምን በልጦ ተመረጠ? ድምፄን ዝቅ አድርጌ የሰውየውን ስም ታስታውሳለህ ወይ አልኩት።

«መስፍን» አለኝ። «አንድ ጊዜ ብቻውን ተነሥቶ ነበር፣ የሚቀበለው ሰው አጥቶ ተመለሰ ብለውናል። እናንተ ከተቀበላችሁት ይገባል አሉ። ስለ ፈቃዱም አታስቡ፣ የሚሰጠውም የሚመጣውም አንድ ሰው ነው ብለው ሲስቁ ነበር።»

አጠገቤ የተቀመጡት ሰዎች ንፍሮ እየዘገኑ ነበር። ጋሽ አደሎ ምን አለ በሚል ዓይን ያዩኛል። ልጁ ቀጠለ። በዚያ ዓመት ሳይመጡ ቀሩ፤ ከዚያም ታመምኩ አሉን። እናቴ በደወለች ቁጥር ስለዚያ ሰው ስትጠይቃቸው፣ ጠርቼዋለሁ፣ ገና አልመለሰልኝም ይሉ ነበር አለ። እስከ መጨረሻው ደወል ድረስ።

«ለመሆኑ መለሰላቸው?» አለኝ።

«አልመለሰላቸውም» አልኩ።

ለእናቱ በቋንቋቸው ነገራት። አሮጊቷ ቀስ ብላ አንድ ነገር ስትናገር ይሰማኛል።

«እናቴ ምናልባት አልሰማ ይሆናል ትላለች» አለኝ።

«ሰምቷል» አልኩት።